ኪኒኑም እንጀራ ይፈልጋል

(በማኅበራችን የዐሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ስለ ማኅበራችን የዐሥር ዓመት ጉዞ ብዙ ተነግሯል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ዕድሩ፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርትና ለአዲስ መጤዎች ስለሚደረገው እርዳታ በሰፊው ስለ ገለጹልን፣ እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። የእኔ ርእስ ጠበብ ያለ ነው። የምናገረው ስለ አንዲት ፍሬ ኪኒንና ስለ አንድ ገበታ ምግብ ነው። «ይህ ለበዓል የሚሆን ወሬ አይደለም» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን አዘጋጆቹ «ማኅበሩ የደረሰልህን አንድ ነገር ተናገር» ባሉኝ ጊዜ ከዚህ የበለጠ እውነት የሆነ ነገር ላገኝ አልቻልኩም።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳውቅ። አንደኛ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ታክሲ ነጂ ነኝ። በ1993 ዓ.ም. አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ትምህርቴን አቋርጬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የሚያውቀው የመኪና መሪ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ሁለተኛ፣ የምነግራችሁ የታናሽ ወንድሜን ሕመም ነው። ወንድሜ ፈቅዶልኛል። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦት ሁለት ቦታ ላይ አርሞኛል። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ የት እንደ ተቀመጠ ግን አልነግራችሁም።

ወንድሜ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ መጣ። ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ ብዙዎቻችን ያለፍንበትን መንገድ ነው የጀመረው። በ2015 መጨረሻ ላይ ግን እንቅልፍ አጣ። እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያሉት ካሜራዎች ሐሳቡን የሚያነቡ መሰለው። ሐኪሞቹ መርምረው ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉ።

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች «አማኑኤል» የሚለው ስም በልጅነታችን ምን ያህል ያስፈራን እንደ ነበር እናስታውሳለን። ስንቱን ሕመምተኛ ተቀብሎ ያከመ ሆስፒታል ስሙ በእኛ አፍ የስድብ ቃል ሆኖ ነበር። እኔም ያንን ይዤ ነው ውቅያኖስ የተሻገርኩት። ስለዚህ «ወንድምህ የት ጠፋ?» ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ «ለሥራ ቴክሳስ ሄዷል» እል ነበር። ቴክሳስ የተባለው የእኔው አፓርትማ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው መኝታ ቤት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወንድሜ መጀመሪያ የታዘዘለት መድኃኒት ድምፁን ጸጥ አድርጎለት ነበር። ነገር ግን ኪሎው እየጨመረ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳርም ከፍ እያለ ስለ ሄደ፣ በ2017 መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ዚፕራሲዶን ወደሚባል መድኃኒት ቀየሩለት። ይህ መድኃኒት በአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተፈቀደው በ2001 ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ ክብደት ስለማይጨምር ይመረጣል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይወሰዳል። ወንድሜም ወስዶት ደኅና ሆነ። ቁርሱን ፍርፍር በልቶ ይውጣል፣ ማታ አብረን እራት በልተን ይውጣል። ያን ጊዜ ምግቡ የሕክምናው አንድ ክፍል መሆኑን ሁለታችንም አላወቅንም። እንዲሁ በልማድ ሆነልን።

የ2010 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 5 ቀን ገባ፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ወንድሜ «ከታመምኩ ወዲህ አልጾምኩም፤ ዘንድሮ ተሽሎኛልና ልጹም» አለ። ደስ አለኝ። መጾሙን የመዳኑ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። እኔ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። መድኃኒቱን እንዳይረሳ ብዬ ከመውጣቴ በፊት ቀስቅሼ ኪኒኑን በአንድ ብርጭቆ ውኃ አውጠዋለሁ። ተመልሶ ይተኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለብቻው ጥቂት ነገር ይቀምሳል፤ ማታ ምግብ አልበላም ይላል። የማታውን ኪኒን በአራት ሰዓት ላይ በሻይ ይውጣል።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልናዘዝ። በባዶ ሆድ መውሰዱ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ኮሶ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። እናቴ ፌጦ ስታጠጣን በባዶ ሆድ ነበር። «ሆዱ ባዶ ሲሆን መድኃኒቱ ፈጥኖ ይሠራል» የሚለው እምነት ከልጅነቴ ጀምሮ በውስጤ ነበረ። ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ የተማርኩት ሰውዬ፣ ለገዛ ወንድሜ ይህን እምነቴን እንደ ሕክምና ምክር አድርጌ ነገርኩት።

በጠርሙሱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተለጥፎ ነበር። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ቀለም ያላት ወረቀት ናት። በእንግሊዝኛ «ከምግብ ጋር ይወሰድ» ትላለች። አንብቤያታለሁ። አልገባኝም አልልም፤ የገባኝ በተሳሳተ መንገድ ነው። የራስ ምታትና የወገብ ሕመም ማስታገሻዎችም «ከምግብ ጋር» ይላሉ። እነርሱ ላይ ምግቡ የሚያስፈልገው ጨጓራ እንዳይቆጣ ነው። ወንድሜ የጨጓራ በሽታ የለበትም፤ ስለዚህ ይህች ማስጠንቀቂያ እኛን አትመለከትም ብዬ አለፍኳት። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፤ ሁለት መድኃኒቶች ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፎ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በአንዱ ላይ ምግቡ ሆድን ይጠብቃል። በሌላው ላይ ምግብ ከሌለ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት በሚገባ አይገባም።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ እንቅልፍ ቀነሰ። ከዚያ የቴሌቪዥኑን መስታወት በአንሶላ ሸፈነ። «የጾም ድካም ነው» አልኩ። በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ አንድ ሌሊት ከሥራ ዘግይቼ ስገባ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ካፖርቱ መስቀያው ላይ ነው። ጫማው ከበሩ ሥር ነው። ወንድሜ የለም። ውጭው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል።

ፖሊስ ደወልኩ። ከዚያ ማንን ልጥራ? የማውቀው ሰው ሁሉ የእናንተው የማኅበሩ ሰው ነው። ለእናንተ ደግሞ ወንድሜ ቴክሳስ ነው። የጠፋብኝን ሰው ለማስፈለግ በመጀመሪያ ውሸቴን ማፍረስ ነበረብኝ። ስልኩን ይዤ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ለጊዜው ሊቀመንበር ደወልኩና «ቴክሳስ የሚባል ነገር የለም፤ ወንድሜ እዚሁ ነው፣ ታሟል፣ ጠፍቶብኛል» አልኩ። እርሱም «የት አካባቢ ነው የጠፋው? ምን ለብሷል?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ሌላ ጥያቄ አልጨመረም።

ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዐሥራ አራት ታክሲዎች መንገድ ላይ ነበሩ። ያገኙት እኛ ሾፌሮች «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ወንድማችን ናቸው፤ ለንጋት ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ በካልሲ ብቻ ተቀምጦ አዩት። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት። «ልጄ፣ ብርድ ነው፤ ግባ» አሉት፤ ገባ። ሶላታቸውን ሆስፒታል ውስጥ ሰገዱ።

ወንድሜ ዐሥራ ሁለት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ «ይህ መድኃኒት አልሠራለትም ማለት ነው፤ መጠኑን እንጨምር ወይስ እንቀይር?» እያሉ ይመክሩ ነበር። በዚያ መካከል የሆስፒታሉ ፋርማሲስት፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ ወደ እኔ መጥታ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። በስንት ሰዓት ይወስዳል? ከምን ጋር ይወስዳል? በዚያ ሰዓት ምን ይበላል? «ከውኃ ጋር» አልኩ። «ምን ይበላል?» ብላ ደገመችው። ያን ጊዜ ስለ ጾማችን ነገርኳት። ወረቀት አውጥታ ትጽፍ ጀመር። የወንድሜ መድኃኒት እንዳልከሸፈ፣ ይልቁንም በሙሉ እንዳልገባለት የተረዳነው በዚያች ሰዓት ነው።

አሁን የድሮው የኬሚስትሪ ተማሪ ጥቂት ይናገር። ዚፕራሲዶን በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ነገር አይደለም። ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሐድም። ይህ መድኃኒትም በባዶ ሆድ ሲገባ በደንብ ሳይሟሟ ጨጓራንና አንጀትን አልፎ ይሄዳል። ምግብ ሲኖር ግን ጨጓራው ቶሎ አይለቀውም፤ ሐሞትም ወደ አንጀት ይፈስሳል። ሐሞት እንደ ሳሙና ነው፤ በውኃ የማይሟሟውን አሟሙቶ በአንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ደም እንዲያልፍ ይረዳዋል። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ያለ ምግብ ከሚገባው እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ወንድሜ በየቀኑ ሁለት ኪኒን እየዋጠ፣ ሰውነቱ ያገኝ የነበረው የአንዱን ያህል ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በሰባት ሰዓት ገደማ ግማሹ ይወጣል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደውም ስለዚህ ነው።

«እንዲህ ከሆነ በባዶ ሆድ ሁለት ኪኒን ቢውጥስ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም ጠይቄአለሁ። አይሆንም። በባዶ ሆድ መጠኑ ሲጨመር ወደ ደም የሚገባው በዚያው ልክ አይጨምርም። ከዚህም በላይ ይህ መድኃኒት የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጨመር አደጋ ነው። የምግብን ቦታ የሚተካ ምግብ ብቻ ነው።

ምን ያህል ምግብ? «ቀምሼበታለሁ» የሚባለው አይበቃም። ለዚፕራሲዶን በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ 500 ካሎሪ ያለው ምግብ ያስፈልጋል። የዚሁ ዓይነት ጠባይ ያለው ሌላ መድኃኒት ሉራሲዶን ነው፤ ላቱዳ በሚባል ስም ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ ይታወቃል። እርሱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ቢያንስ 350 ካሎሪ ያለው ምግብ ይፈልጋል። ፋርማሲስቷ የነገረችኝና እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው፤ ወሳኙ የምግቡ ካሎሪ እንጂ ቅባቱ ወይም ሥጋው አይደለም። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አስተውሉ። የጾም ምግብ ይበቃል ማለት ነው!

በሒሳብ ላሳያችሁ። ባዶ ቡና ከካሎሪ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ 30 ገደማ ነው። ወንድሜ የማታውን ኪኒን ይውጥ የነበረው በዚህ ነው። አሁን የጾም ቁርስ እንሥራ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ 160፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 190፣ አንድ ሙዝ 105፣ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ 110፤ ድምሩ 565። የጾም እራት እንሥራ። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 230፣ ወጡ ውስጥ የገባ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120፤ ይህ ብቻውን 350 ነው። የሚበላበት እንጀራ ሲጨመርበት ከ500 ያልፋል። በፍስክ ደግሞ በአንድ ማንኪያ ዘይት የተጠበሰ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት 580 ያህል ይሆናል። በየታሸገው ምግብ ጀርባ ላይ ካሎሪው ተጽፏል፤ ማንበብ ነው።

እንግዲህ የቀረው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ ጾሙ ገና አልተፈታም ነበር። «ጾሜን አልተውም» አለ። ተጨቃጨቅን። እኔ ብናገር የማይሰማኝን ሰው ይዤ ወደ ንስሐ አባቱ ሄድኩ። ካህኑ በጸጥታ አዳመጡት። ከዚያም ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስገድድ፣ የጠዋቱን ምግብ ከመድኃኒቱ ጋር ቢበላ በደል እንደማይሆንበት፣ ምግቡ የጾም ምግብ ከሆነለት ደግሞ ልቡም እንደሚያርፍለት ነገሩት። ወንድሜ ከእኔ ያልተቀበለውን ከእርሳቸው ተቀበለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየጾሙ የምግቡን ዓይነት ይጠብቃል፤ ሰዓቱን ግን ለመድኃኒቱ ትቶለታል።

ስለ ጠበልም እንዲሁ። በጠበልና በመድኃኒት መካከል ምረጡ የሚለን የለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ያው ምክር ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዓመት ረመዳን ሲቃረብ፣ ወንድሜን ያገኙት ጋሼ አውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ መጠበቂያ ላይ ወደ መኪናዬ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኅቴ ልጅም እንደ ወንድምህ ነው» አሉኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ታክሲ ስናቆም ኖረናል፤ ሁለታችንም ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ምሥጢር ነበረ። ልጁ የሚወስደው ሉራሲዶን ነው። ጾም ሲፈታ በሦስት ቴምርና በውኃ ላይ ኪኒኑን ይውጥ ነበር። ሦስት ቴምር፣ ትልቁም ቢሆን፣ ከ200 ካሎሪ ብዙ አያልፍም። ሐኪሙን አማከሩ፤ ልጁ ኪኒኑን ከሙሉ የኢፍጣር እራት ጋር እንዲወስድ ተነገረው። የእስልምና ሃይማኖትም ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ እንደሚያሳርፍ የታወቀ ነው፤ ሐኪሙ አትጹም ቢለው ኖሮ ኢማሙም ይስማሙ እንደ ነበር ጋሼ ነግረውኛል።

አንድ አደጋ እንዳይፈጠር ግን ልጠንቀቅ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ «የአእምሮ መድኃኒት ሁሉ ከምግብ ጋር ነው» እንዳትሉ። እንደዚያ አይደለም። ኦላንዛፒን፣ ሪስፐሪዶን፣ አሪፒፕራዞል የሚባሉት ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰዱ ይችላሉ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው የኩዌታፒን ዓይነት ያለ ምግብ ወይም ከቀላል ምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ በከባድ ምግብ ላይ ከሆነ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል። አሴናፒን የሚባለው ደግሞ ምላስ ሥር ተቀምጦ የሚሟሟ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዐሥር ደቂቃ መብላትም መጠጣትም አይፈቀድም። ሉራሲዶን የሚወስድ ሰው ግሬፕ ፍሩት የሚባለውን ፍሬም ሆነ ጭማቂውን መተው አለበት፤ መድኃኒቱን በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርገዋል። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ አጫሽ ሲጋራ በድንገት ቢያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ይጨምራል፤ ማቆሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ነግሮ ይሁን። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ የወንድሜን መመሪያ ለወንድማችሁ አትስጡ፤ የወንድማችሁን ፋርማሲስት ጠይቁ።

ወገኖቼ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ከኬሚስትሪ ውጪ ነው።

ይህ መድኃኒት 500 ካሎሪ ይፈልጋል ስንል ገበታ ይፈልጋል ማለታችን ነው። ገበታ ደግሞ በቤት ውስጥ ሰው ይፈልጋል። የእኛ ኑሮ እንዴት ነው? አንዱ ሌሊት ይሠራል፣ ሌላው ቀን ይሠራል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቤት እየኖሩ በሳምንት አንድ ጊዜ አብረው አይበሉም። የታመመ ሰው ለብቻው ሲሆን ምግብ መሥራት ያቅተዋል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይጠፋል። ያልበላ ሰው የዋጠው ኪኒን አይሠራለትም፤ ኪኒኑ ያልሠራለት ሰው ይብስበታል፤ የባሰበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይበላም። ወንድሜ በዚህ አዙሪት ውስጥ ነበር። አዙሪቱን የሚሰብረው ውድ መድኃኒት አልነበረም፤ እራት ነበር።

በአገራችን ልማድ ሰው እግሩ ቢሰበር ቤቱ በሰው ይሞላል። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ዶሮ ወጥ ይዛ ትመጣለች። አእምሮው የታመመ ሰው ቤት ግን ማንም ሰሐን ይዞ አይሄድም። የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ እኛ ቤተሰቦቹ በሩን ዘግተን «ቴክሳስ ሄዷል» ስለምንል ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን መድኃኒቱን አግኝቼ፣ ገዝቼ፣ እጄ ውስጥ ይዤው ነበር። በሽታውን በመደበቄ የከለከልኩት አብሮት የሚበላውን ሰው ነው።

ወንድሜ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ከእናንተ አምስት ቤተሰቦች ተራ ገቡ። ለሁለት ወር ያህል በየምሽቱ አንድ ሰው እራት ይዞ ይመጣ ነበር። ሌሊት ሠርታ የምትመለስ አንዲት እኅታችን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በመንገዷ ብቅ እያለች ቁርስ አብራው ትበላ ነበር። መድኃኒቱን አትጠይቀውም። «በላህ ወይ?» ብቻ ትለዋለች። እናቶቻችን ለሁሉም ነገር የሚጠይቁት ጥያቄ ነው፤ ለወንድሜ ግን በጣም ትክክለኛው የሕክምና ጥያቄ እርሱ ነበር። ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛልና አልጠራም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ወንድሜ የሚበላውን ራሱ ይሠራል። የምስር ወጡ ከእኔ እንደሚሻል የሚያከራክር አይደለም። ያንኑ መድኃኒት፣ ያንኑ መጠን ይወስዳል፤ የተለወጠው ከጎኑ ያለው ሰሐን ነው። በሽታው ጠፍቷል አልላችሁም። ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ይመጣል፤ እርሱም «መጣ» ብሎ ይነግረኛል። ካረመኝ ሁለት ቦታ አንዱ ይህ ነው። እኔ «ድኗል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እርሱ ሰርዞ «አብሬው መኖር ችያለሁ» ብሎ ጻፈ።

ስለዚህ ንግግሬን በአራት ልመና ልጨርስ።

አንደኛ፣ ቤታችሁ ውስጥ ይህን ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ነገ ጠርሙሱን አንሥታችሁ ትንሿን ወረቀት አንብቡ። «ከምግብ ጋር» ካለች ፋርማሲስቱን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «ለምን?» እና «ምን ያህል ምግብ?» በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አትፈሩ።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ከማለታችሁ በፊት፣ ሕመምተኛው መቼና ከምን ጋር እንደሚወስደው ለሐኪሙ በዝርዝር ንገሩ። ስለ ጾማችሁና ስለ ሌሊት ሥራችሁም ንገሩ። ሐኪሙ ካልነገራችሁት አያውቅም። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቁሙ፣ አትጨምሩም።

ሦስተኛ፣ ለመጾም የምትፈልጉ ሕመምተኞች፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪማችሁና ከሃይማኖት አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ከጾሙ በኋላ አይደለም።

አራተኛ፣ ችግር በድንገት ቢደርስ ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ 988 ብሎ በመደወል በማንኛውም ሰዓት ለአእምሮ ጭንቅ እርዳታ ማግኘት ይቻላል። ከዚያ ደግሞ ለማኅበሩ ደውሉ። እኔ በዚያች ሌሊት ስልኩን ይዤ የቆምኩባት ጊዜ ዛሬም ትቆጨኛለች። ወንድሜ በካልሲ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኔ የማስበው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነበር። ሰውም ያለኝ «ምን ለብሷል?» ብቻ ነው።

ማኅበራችን ዐሥር ዓመት ሞላው። ብዙ ነገር ሠርቷል። እኔ ግን የማኅበራችንን ጥቅም የምመዝነው በዚያ በመጋቢት ሌሊት መንገድ ላይ በወጡት ዐሥራ አራት ታክሲዎችና ከዚያ በኋላ በመጡት የእራት ሰሐኖች ነው። ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ ወንድሜም ከእናንተ መካከል ይበላል፤ ኪኒኑንም ይውጣል። ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ ሲያወጣ ብታዩ አትደንግጡ፣ ፊታችሁንም አታዙሩ። እንጀራ ጨምሩለት።

 ማኅበራችንን ያጽናልን። መልካም በዓል።